ከአዲስ ዓለም ፉል እስከ ፒያሳ ላዛኛ፦ የጎንደር ጉዞ ማስታወሻ

ድሬዳዋ ከዚራ አካባቢ ትንሽ ቁርስ ቤት አለችኝ። ፉል፣ ፈጢራ፣ ባጂያና ሳንቡሳ እንሠራለን። ከተማችን ባቡሩ ከመጣ ጀምሮ የመኑም ሕንዱም ግሪኩም አርመኑም የኖረባት ስለሆነች የሰው አገር ምግብ አያስደንቀንም፤ ልጅ ሆነን ጀምሮ በልተነዋል። ስለ ጎንደር ግን ሰው ሲያወራ የምሰማው ስለ ግንቡና ስለ ጥምቀቱ ብቻ ነበር። የአክስቴ ልጅ እዚያ ነርስ ሆና ከተቀጠረች ወዲህ ነው ሌላ ወሬ መስማት የጀመርኩት። በደወለች ቁጥር "ዛሬ አከራያችን የሕንድ ወጥ ሠርተው ጠሩን"፣ "አዲስ ዓለም ያለው ፉል ያንቺን ያስንቃል" ትለኛለች። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ዝም ብዬ ማሳለፍ አልቻልኩም። ጥምቀት አልፎ የአልጋ ዋጋ ሲረግብ ቤቱን ለእህቴ አስረክቤ ተነሣሁ።

ማክሰኞ ጥር 13፦ አዘዞና ፒያሳ

አውሮፕላኑ አዘዞ ያረፈው ከቀትር በኋላ ነው። እስከ ፒያሳ ታክሲው 800 ብር ጠይቆ 700 ላይ ተስማማን። ፀሐዩ ይፋጃል፤ ጥላ ውስጥ ሲገቡ ግን ብርድ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ይበልጣል፤ ድሬዳዋ 1,200 ገደማ ናት። ለቆላ ሰው ጋቢ ያስፈልጋል። ለምግብ ሠሪም ይህ ከፍታ ትልቅ ነገር ነው፤ ውሃ ቶሎ ስለሚፈላና ሙቀቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ባቄላና ምስር ከእኛ አገር የበለጠ ሰዓት ይፈልጋሉ። በቀሩት ቀናት በየማዕድ ቤቱ ያየሁት ትዕግሥት ምንጩ ግማሹ ይኸው ነው።

ፒያሳ የጣልያን ሥራ ነው። ጣልያን በ1928 ገብቶ፣ ጀነራል ናሲ ኅዳር 1934 ላይ እጁን እስኪሰጥ ድረስ ፖስታ ቤቱን፣ ሲኒማ ቤቱንና ዙሪያውን ያሉትን ሕንፃዎች ገንብቶ ሄደ። ከፋሲል ግቢ አጥር እስከዚያ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው፤ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ግንብና የ1930ዎቹ ፈረንጅ ሕንፃ እንዲህ ተጠጋግተው ሌላ ቦታ አላየሁም። ከዚራ የዛፍ ጥላ ያላት ሰፈር ናት፤ የጎንደር ፒያሳ ገላጣና ዳገታማ ነው። ማኪያቶው 45 ብር፣ ወተቱ ወፍራም፣ በጣም ጥሩ ነበር።

እራቱ ግን አሳዘነኝ። ያረፍኩበት ሆቴል የምግብ ዝርዝሩ ላይ "ኢንተርናሽናል" የሚል ገጽ አለው፤ የቻይናም የጣልያንም የሜክሲኮም ተጽፎበታል። አስተናጋጇ ምስኪን፣ የጠየቅኳትን ሁሉ "እሱስ የለም፣ እሱም አልቋል" እያለች ተሸማቀቀች። በመጨረሻ የመጣልኝ ስፓጌቲ ተቀቅሎ ከቆየ በኋላ በዘይት እንደገና የሞቀ፣ ድልሁ ጥሬ የሆነ ነው። 320 ብር ከፈልኩ። ፒያሳን ያህል ቦታ ላይ ተቀምጦ እንዲህ ያለ ፓስታ ማቅረብ ለከተማዋም ክብር አይሆንም። የአክስቴ ልጅ ከሥራ ወጥታ ስትመጣ "እቴ፣ እዚህማ የሰው አገር ምግብ የሚበላው ሰው ቤት ነው፤ ነገ ታዪያለሽ" አለችኝ።

ረቡዕ ጥር 14፦ ማራኪ

የአክስቴ ልጅ አከራይ ባለቤታቸው የሞቱባቸው፣ ስድሳዎቹን ያጋመሱ እናት ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ "እማማ" ይላቸዋል። ዩኒቨርሲቲው ቅርብ ስለሆነ ለብዙ ዓመት ግቢያቸውን ያከራዩት ለመምህራን ነበር፤ ከእነዚያ መካከል ሕንዶች አሉበት። ባልና ሚስት ሆነው የመጡ መምህራን እዚያች ግቢ ውስጥ ለዓመታት ኖረው፣ ልጅ ወልደው አሳድገው ሄዱ። ሴትዮዋ ሥጋም እንቁላልም አትቀምስም ነበር። "መጀመሪያ የታመመች መስሎኝ ነበር። ኋላ ሳያት ለካ ዕድሜዋን ሙሉ ጿሚ ናት። ረቡዕና ዓርብ አብረን እንበላ ጀመር፤ በዚያው ሙያዋን ተማርኩ" አሉኝ።

ለምሳ የሠሩት ዳልና ቻፓቲ ነው። ከጎናቸው ቆሜ ያየሁትን ልንገራችሁ። ምስር ክኩን በእርድና በጨው ብቻ ቀቀሉት፤ ሽንኩርትም ዘይትም የለውም። አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ። ፈርሶ ከወፈረ በኋላ ትንሽ መጥበሻ ላይ ዘይት አግለው ሰናፍጭ ፍሬውን እንዳለ ጣል አድርገው ቶሎ ከደኑት። ፍሬው ሲፈነዳ ክዳኑን ይመታዋል። ድምፁ ሲበርድ ከሙን፣ ነጭ ሽንኩርትና ደረቅ ሚጥሚጣ ጨመሩና፣ ነጭ ሽንኩርቱ ጠርዙ ቡናማ ሲሆን ከነጩኸቱ ዳሉ ላይ ገለበጡት። ማዕድ ቤቱ ሽታው አፈነው።

እኛ ወጥ ስንሠራ ድካማችን ያለው ከፊት ነው፤ ሽንኩርት ማቁላላት፣ በርበሬ ማብሰል። መከለሻ በመጨረሻ ብንጨምርም ትንሽ ናት። የሕንዱ ግን ዋናው ጉልበት የሚመጣው መጨረሻ ላይ፣ በጋለ ዘይት ውስጥ ነው። ቅመሞቹ አንድ ናቸው፤ ከሙን፣ እርድ፣ ድንብላል፣ ሄል፣ ሰናፍጭ፣ ሁሉም እዚያው ገበያ ይገኛል። ያጡት የካሪ ቅጠል ብቻ ነው፤ እሱን ትተውታል እንጂ በሌላ ሊተኩት አልሞከሩም። ይህን ወደድኩላቸው።

ቻፓቲው ሙያ ይጠይቃል። ዱቄቱን በለብ ያለ ውሃ አለስልሰው አቡክተው ግማሽ ሰዓት አሳረፉት፤ በጠርሙስ ዳምጠው ብረት ምጣድ ላይ ሁለቱንም ገጹን ካሳዩት በኋላ በቀጥታ ፍም ላይ ጣሉት። በአንድ ጊዜ ተነፋ። በባዶ ጣታቸው አንሥተው መሶቡ ውስጥ ሲያስቀምጡት እኔ ነኝ የተቃጠልኩት የመሰለኝ።

ቢርያኒ የሚባለውን የሕንዶቹን የቅመም ሩዝም ሞክረው ነበር፤ ሩዙ የፎገራ ነው። የፎገራ ሩዝ በደርግ ዘመን በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች የተለመደ፣ ወረታ ዙሪያ ያለውን ረግረግ ሜዳ የቀየረ ሰብል ነው። ከጤፍ ጋር ለእንጀራ ግሩም ነው፤ ሲበስል ግን ስለሚያያዝ፣ ፍሬው ለየብቻ መቆም ላለበት ቢርያኒ አይሆንም። እማማም ያውቁታል። "ባስማቲ ስናገኝ እንጂ በዚህስ ገንፎ ነው" ብለው ሳህኑን ወደ ዳር አደረጉት። ዳሉን ግን ጨርሼ ደገምኩ።

ከሰዓት በኋላ ፋሲል ግቢ ገባሁ። በፈረንጆች 1648 ከየመን ኢማም ተልኮ ወደ ዐፄ ፋሲል የመጣው ሐሰን አል ሃይሚ ቤተ መንግሥቱን የሠራው ሕንዳዊ ግንበኛ መሆኑን ጽፎ አልፏል። በዳልና በቻፓቲ የተሞላ ሆድ ይዤ ግንቡን ቀና ብዬ ሳይ፣ ያ ግንበኛ ጎንደር ሲከርም ምን ይበላ እንደነበር አሰብኩ። ምስሩና ከሙኑስ አልጠፋበትም።

ሐሙስ ጥር 15፦ ወለቃና አንድ ድስት እንቁላል

ወለቃ በደባርቅ መንገድ፣ ከከተማው ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። የቤተ እስራኤሎች መንደር ነበር፤ ዛሬም የሸክላ ሥራው አለ። ባጃጅ በኮንትራት 250 ብር ይዘን ወጣን። መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳ። ሹፌሩ መለዋወጫ አልያዘም፤ ስልክ ደውሎ ጓደኛው ጎማ እስኪያመጣለት ከአንድ ሰዓት በላይ ፀሐይ ላይ ቆምን። ልጁ በጣም አፍሮ ሂሳቡን አልቀበልም አለ፤ ግማሹን አስገድደን ሰጠነው። ወለቃ ስንደርስ ሰፋ ያለ፣ ጠርዙ ዝቅ ያለ የሸክላ ድስት በ180 ብር ገዛሁ።

ድስቱ ያስፈለገው ለምሳ ነው። የአክስቴ ልጅ ባልደረባ ቤተ እስራኤል ናት። ዘመዶቿ ግማሾቹ ግንቦት 1983 ላይ፣ በሁለት ቀን ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን በተወሰደበት ዘመቻ ሄደዋል፤ የእሷ ቤተሰብ እስካሁን ጎንደር እየጠበቀ ነው። ያን ጊዜ በልጅነቷ የሄደችው አክስቷ ናታንያ በምትባል የእስራኤል ከተማ ውስጥ የመዋዕለ ሕፃናት ምግብ አብሳይ ናት፤ ለጉብኝት መጥታ ነበር። አማርኛዋ የጥንት ጎንደር ነው፤ አልተነካም። ገና ከደጅ "ግቡ በሞቴ፣ አፈር ስሆን ግቡ" ብላ ተቀበለችን።

የሠራችልን ሻክሹካ ነው። ወደ እስራኤል ይዘውት የሄዱት ከቱኒዚያና ከሊቢያ የመጡ አይሁዶች ናቸው፤ ዛሬ እዚያ ቁርስ ላይ የማይገኝበት ቤት የለም አለችኝ። የእኛን እንቁላል በስልስ የሚያውቅ ሰው "ያው ነው" ሊል ይችላል። አይደለም። እኛ እንቁላሉን ስልሱ ውስጥ መትተን እናማስለዋለን። እሷ ቲማቲሙን፣ ቀይ ቃሪያውን፣ ነጭ ሽንኩርቱንና ከሙኑን ውሃው እስኪመጥጥ አብስላ፣ ከናታንያ ያመጣችውን ጣፋጭ ቀይ በርበሬ ጨመረች፤ ከዚያ በማንኪያ ጀርባ ጉድጓድ ጉድጓድ አድርጋ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ አስቀመጠችና ከደነችው። ነጩ ረጋ፤ አስኳሉ ፈሳሽ እንዳለ ወጣ።

እያንዳንዱን እንቁላል ድስቱ ውስጥ ከመጨመሯ በፊት ብርጭቆ ውስጥ ሰብራ፣ ወደ መስኮቱ ይዛ አየችው። የደም ነጠብጣብ ያለበት እንቁላል በሕጋቸው አይበላም። አንዱ ላይ ጭላጭ የምታህል ቀይ ነገር አየችና ያለ ቃል ወደ ጎን ደፋችው። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ጎንደር ላይ ክርስቲያኑ የክርስቲያን እርድ፣ እስላሙ የእስላም እርድ፣ ቤተ እስራኤሉም የራሱን እርድ ነው የሚበላው። ሥጋ ባራጁ ይለያል። እንቁላል፣ ባቄላ፣ ምስርና ዱቄት አራጅ የላቸውም። ስለዚህ ከውጭ መጥቶ በየሰዉ ቤት የገባው ምግብ የእነዚህ ነው፤ የማራኪዋ እማማና ሕንዷ መምህርትም የተገናኙት በዚሁ ነው።

ድስቱን ከመሐል አስቀምጠን በሞቀ ዳቦ ጠረግነው። ሌላ ቦታ የበላሁት ሻክሹካ ቲማቲሙ ውሃ ይሆን ነበር፤ የሸክላው ድስት ሙቀቱን ስለሚይዝ መጨረሻ ላይ ያለው ጉርሻም እንደ መጀመሪያው ትኩስ ነበር። ለአሥር እንቁላል 170 ብር፣ ለቲማቲምና ለቃሪያ 100 ብር ገደማ፤ ስድስት ሆነን ጠገብን።

ዓርብ ጥር 16፦ አዲስ ዓለም፣ ጠዋት 12 ሰዓት

የመጣሁበት ጉዳይ ይኸው ነው። አዲስ ዓለም የጎንደር ሙስሊሞች ጥንታዊ ሰፈር ነው፤ የሲራራ ነጋዴዎቹ በአንድ ወገን ምጽዋ፣ በሌላ ወገን ሱዳን ይደርሱ ነበር። ፉል ቤቱ ስም የለውም። በሩ ላይ የቆርቆሮ ዳስ፣ ከዳሱ ሥር አራት አግዳሚ ወንበር፣ ከበሩ ግራ ደግሞ አንገቷ የጠበበ ረጅም የአሉሚኒየም ማሰሮ ፍም ላይ ተተክላ አለች።

ባለቤቱ የጎንደር ልጅ ነው፤ ሱዳን፣ ከካርቱም አጠገብ ያለችው ኦምዱርማን ውስጥ ብዙ ዘመን ፉል ሸጧል። ሚያዝያ 2015 ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲነሣ ቤቱን፣ ዕቃውንና ደንበኞቹን ትቶ በገዳሪፍ፣ ከዚያ በመተማ አድርጎ ከነቤተሰቡ አገሩ ገባ። ማሰሮዋን ግን ይዟት መጣ። ሲነግረኝ ረጋ ብሎ ነው፤ አብረውት የነበሩ ሰዎች የት እንዳሉ የማያውቀው ብዙ ነው። የሙያ ሰው መሆኔን የአክስቴ ልጅ ስትነግረው "ታዲያ ምን ትቆሚያለሽ እህቴ፣ ግቢና እዪ" ብሎ ወደ ውስጥ አስገባኝ።

ባቄላው የዳባትና የወገራ ነው፤ ትንንሹን ይመርጣል። አንድ እፍኝ ዘርግቶ ቆዳው የጠቆረውን በጣቱ እየገፋ አሳየኝ። የጠቆረ ባቄላ የከረመ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ቢቀቀል ልቡ አይለሰልስም። እኔ ይህን በደንብ አላጠራም ነበር፤ ከተመለስኩ ወዲህ እያስለቀምኩ ነው። ማታ ዘፍዝፎ፣ ከኢሻ ሶላት በኋላ ማሰሮዋን ፍም ላይ ያስቀምጣታል፤ እስከ ንጋት አትከፈትም። አንገቷ ጠባብ መሆኑ እንፋሎቱን መልሶ ያወርደዋል፤ ስለዚህ ውሃ መጨመር የለም፤ ባቄላውም ሳይፈርስ ይበስላል። በዚህ ከፍታ ሌሊቱን ሙሉ ካልሆነ አይሆንም ይላል፤ ኦምዱርማን ላይ ከዚህ ባነሰ ሰዓት ይደርስለት ነበር። ከኢትዮጵያ ባቄላ ወደ ሱዳን በብዛት ሲሸጥ ኖሯል። "እዚያም የማበስለው የእናንተኑ ባቄላ ነበር" ብሎ ሳቀ፤ ወዲያው "የእኛን" ብሎ አረመው።

ሳህኑ ላይ ሲያወጣ ባቄላው ፍሬ በፍሬ ይታያል። ጨውና ከሙን በትኖበት በለስላሳ ጠርሙስ ቂጥ ይጨፈልቀዋል፤ ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ ከሦስት አንዱ ፍሬ ሳይነካ ይቀራል። በላዩ ጥሬ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ። ከዚያ ዘይቱ። እኛ ድሬዳዋ የምናፈሰው የምግብ ዘይት ወይም ቅቤ ነው። እሱ ግን የመተማን ሰሊጥ ዘይት ነው ያፈሰሰው፤ ወርቃማ፣ ወፈር ያለ፣ ገና ሳህኑ ሳይደርስ ሽታው የሚቀድም። ኦምዱርማን ውስጥ ዘይቱን የሚገዛው ግመል ከሚያዞረው መጭመቂያ ነበር፤ እዚህ በማሽን የተጨመቀውን በሊትር 480 ብር ይገዛል። በእያንዳንዱ ሳህን ላይ የሚያፈስሰው ሲታይ ትርፉ ከየት ይመጣል ያሰኛል፤ "ዘይቱን ከቀነስኩማ ፉል አይባልም" አለኝ።

በላሁ። ቤቴ ፉል ቤት ነው፤ እናቴም ፉል እየሸጠች ነው ያሳደገችን። ይህን የምለው ይህን ሁሉ ይዤ ነው፦ ከዚህ የሚሻል ፉል በልቼ አላውቅም። የባቄላው ጣፋጭነትና የሰሊጡ ምሬት አንዱ ሌላውን ይይዘዋል። 120 ብር ነው፤ የእኔ 130።

ቀጥሎ ቦሽ አዘዝኩ። የካርቱም ተማሪዎች ምግብ ነው፦ ዳቦ ተቆራርሶ፣ የፉሉ ውሃ ፈስሶበት፣ ሰሊጥ ዘይትና ሽንኩርት ተጨምሮ፣ ከላይ ታሚያ (ከተፈጨ ጥራጥሬ ተድቦልቡሎ በዘይት የተጠበሰ) ይፈረፈርበታል። ግብፆች ታሚያን በባቄላ ሲሠሩ ሱዳኖች በሽምብራ ነው፤ ሽምብራው የደምቢያ ነው። የእኛ ፈታ ቅርብ ዘመዱ ነው፤ ቦሹ ግን መረቅ ስላለው ለብርድ ጠዋት ይሻላል። 150 ብር፣ ለሁለት ይበቃል።

ቀኑ ዓርብ ነው። አይብም እንቁላልም ሳይገባበት የቀረበ ስለሆነ ጾመኛው ክርስቲያን ከጎኔ ተቀምጦ ይበላል፤ ባለቤቱ ለጁምዓ ሊዘጋ ስለሆነ ሁሉም ይፈጥናል። ነጠላ የለበሱ፣ ከቅዳሴ በፊት መብላት የማይፈልጉ ሁለት እናቶች ደግሞ ለቤት በሳህን አስቀድተው ሄዱ። አንዲት ሱዳናዊት እህት ከዳሱ ጫፍ ዝንጅብል የበዛበት ቡና ታፈላለች፤ ስኒው 25 ብር። ከአንድ በላይ አልቻልኩም፤ ጉሮሮ ያቃጥላል።

ቅዳሜ ጥር 17፦ ገበያ

ቅዳሜ ገበያ ግፊያው ሌላ ነው። ሰሊጥ ዘይት ሦስት ሊትር፣ የዳባት ባቄላ አምስት ኪሎ፣ ከሰሜን ተራራ ወርዶ የሚሸጥ ጦስኝ አንድ ከረጢት ገዛሁ። ጦስኙ ለእሑድ ነው። ነጋዴዋ ለምን እንደምፈልገው ጠይቃኝ "ለላዛኛ" ስላት "ለሻይ ነው እንጂ!" ብላ ተቆጣችኝ፤ ግን መረቀችልኝ። ሌላው ቀን በእረፍት አለፈ።

እሑድ ጥር 18፦ የጋሼ ላዛኛ

ፒያሳ ጀርባ፣ ደረጃ ወርዶ የሚገኝ ግቢ ውስጥ አንድ ጡረተኛ ወጥ ቤት ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን በመንግሥት ሆቴል ያበሰሉ፣ ሙያውን ለጣልያኖች ካበሰለ ሰው የተማሩ ናቸው። የማክሰኞውን ስፓጌቲ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ፓስታ ካወጣሽው አታቆዪው። አስተናጋጁ ይጠብቅ እንጂ ፓስታው አይጠብቅም" አሉ።

ሥጋው ከማለዳ ጀምሮ እሳት ላይ ነበር። ሽንኩርትና ካሮት በደቃቁ ተከትፎ፣ ሳይቀቀል በዝግታ ተጠብሶ፣ ሥጋው ተጨምሮ፣ ወተት፣ ከዚያ ትንሽ ድልህ። ጋሼ በርበሬ አያስገቡም፤ ጦስኝ ብቻ። የቦሎኛ ከተማን ራጉ፣ ማለትም የሥጋ ስልስ፣ አሠራር የጣልያን የምግብ ሙያ አካዳሚ በ1982 እ.ኤ.አ. የከተማዋ ንግድ ምክር ቤት ዘንድ አስመዝግቧል፤ እዚያ የአሳማ ሥጋና ወይን አለበት። የአሳማው ነገር ጎንደር ላይ የማይታሰብ ነው፤ ጋሼም ሲማሩ ጀምሮ አልነበረበትም። ሊጡን በእንቁላል አቡክተው በእጃቸው ዳመጡት፤ ከሥሩ የእጅ መስመር እስኪታይ ቀጥኗል። ለበሻሜሉ ቅቤና ዱቄት አቁላልተው ወተት ጨመሩና ገውዝ ፋቁበት።

ሁለት ትሪ ነበር የተዘጋጀው፤ አንዱ በሥጋ፣ አንዱ በቆስጣና በአይብ። ሁለተኛው ለጎረቤታቸው፣ አብረዋቸው ለሚያረጁት ሙስሊም ልብስ ሰፊ ነው።

ትሪዎቹ ምድጃ ውስጥ በገቡ በአሥር ደቂቃ መብራት ጠፋ። ጠበቅን፤ አልመጣም። በሻሜሉ መርጋት፣ እኔም መጨነቅ ጀመርኩ። ጋሼ አልተጨነቁም። ልጃቸውን ጠርተው "ድፎ ጣዪ" አሉ። ግቢው ውስጥ ሦስት ጉልቻ ላይ ብረት ምጣድ ተጣደ፤ ትሪው ገባበት፤ ሌላ ምጣድ ተገልብጦ ተከደነበትና ፍም ከላዩ ተበተነ። ከታች ትንሽ እሳት፣ ከላይ ብዙ። አንዱ ትሪ ሲወጣ ሌላው ገባ። የከሰሉ ጆንያ 900 ብር ሆኗል ብላ ልጃቸው አማረረች፤ ግን አልቆጠበችም።

ሲከፈት የላይኛው ገጽ ደማቅ ቡናማ ሆኖ፣ ጠርዙ ላይ ተቃጥሎ ሊቀር ትንሽ የቀረው ቅርፊት ነበረው። ጭሱ ገብቶበታል። ቢላ ሲገባ ቅርፊቱ ተሰበረ፤ ከሥሩ ያለው ንብብር ግን ለስላሳ ነው። ልብስ ሰፊው መጥተው ለእያንዳንዱ ሰው ከሚበላው ትሪ ተቆረሰ። እኔ ሁለቱንም ቀመስኩ፤ የቆስጣው በለጠብኝ። ሥጋው ከባድ ነው፤ ቆስጣው ግን በሻሜሉንና ጦስኙን አጉልቶ ያወጣል። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ደስ አላላቸውም። "ጣልያኖቹ ራሳቸው ሊጡን በቆስጣ አረንጓዴ ያደርጉታል" ብዬ ቦሎኛን ባነሣላቸውም "እነሱ ሥጋውን አይተዉም" ብለው በአቋማቸው ጸኑ። መብራቱ የመጣው ቡና ሁለተኛው ላይ ደርሰን ሳለ ነው።

ሰኞ ጥር 19፦ መመለስ

አዘዞ ላይ ፈታሹ ዘይቱን በእጅ ሻንጣ አላሳልፍም አለ። ትክክል ነው፤ ግን የተጫነውን ሻንጣ አስመልሶ እንደገና ማሸግ ሰዓት ፈጀ፤ የሸክላውን ድስት ግን በጋቢ ጠቅልዬ በጭኔ አደረስኩት።

ድሬዳዋ እንደገባሁ ፉሉን በሰሊጥ ዘይት ለደንበኞቼ አቀረብኩ። ሽማግሌዎቹ "የየመኑ ልማድ አይለወጥም" ብለው መለሱት፤ ወጣቶቹ ወደዱት። አሁን ሁለቱንም እሠራለሁ፤ የሰሊጡ 20 ብር ይጨምራል። ዘይቱን የአክስቴ ልጅ በወር አንዴ ትልክልኛለች። ቻፓቲው ለእኔ ገና አልተነፋልኝም። ላዛኛን ለመሸጥ ቤቴ ጠባብ ነው፤ ለፋሲካ ግን ለቤተሰቡ በሁለት ምጣድ መሐል እጋግራለሁ።

ጎንደር የምትሄዱ ሰዎች አዲስ ዓለም በጠዋት ድረሱ። ሦስት ሰዓት ካለፈ ማሰሮዋ ባዶ ናት፤ ዓርብ ደግሞ ከዚያም ቀደም ብላ ታልቃለች። ስም ስለሌለው "ከሱዳን የመጣው ልጅ ፉል" ብላችሁ ጠይቁ፤ ሰፈሩ ያሳያችኋል።